ባትሪው የማያልቅበት ሰውዬ

ሃቢብ ሰይድ ክኒኑን በየቀኑ፣ ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ አይውጥም ነበር። አትሳቁ። በሰዓቱ ይነሳል፣ ኩሽና ገብቶ ውሃ ይቀዳል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ የጠርሙሱን ክዳን ያዞራል፣ አንዲት ነጭ ክኒን መዳፉ ላይ ያወጣል። ከዚያ ውሃውን ጭልጥ ያደርግና ክኒኗን ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ባወረደው የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል። ቆርቆሮውን ከድኖ ወደ ቦታው ይመልሳል። የማይውጥ ሰው ይህን ሁሉ ምን አለፋው ብትሉ፣ ጉዱ ያለው ክዳኑ ላይ ነው።

ክዳኑ የዋዛ ክዳን አይደለም። ውስጡ ቺፕ አለው፤ በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ክዳኑን የሰጡት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጠርሙሱን እጁ ላይ ያኖረችው ደግሞ ኸውላ የምትባል፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ከእናቷ፣ ግማሹ ከስልክ የተለቀመ ነው። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ኤቭሪ ደይ ኦፕን አድርገው፣ እሺ?» አለችው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እሺ የኔ ልጅ» አላት። በቃ። እሺ ያለ ሰው እንዴት አይከፍትም? ልጅቱ ኮምፒውተሯ ላይ ባዶ ቀን ስታይ ልታዝን ነው፤ አለቆቿ ሊቆጧት ነው። የሰው ልጅ በእሱ ሰበብ ቁጣ ልትቀበል? ሃቢብን የሚያህል ይሉኝተኛ እኔ በበኩሌ አላየሁም። ክፈት አለችኝ፣ ከፈትኩ፤ ዋጥ አላለችኝም ብሎ ከራሱ ጋር ተስማማ።

መዋጡንማ ለምን ይዋጥ? ያልታመመ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ነገሩ የጀመረው ኦቤትስ ነው። ሃቢብ ከኮምቦልቻ መጥቶ ኮሎምበስ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ውስጥ አስራ ሁለቱን የበላው ኦቤትስ ያለ አንድ ዌርሃውስ ነው። እዚያ ሥራ የሚያዝህ ሰው አይደለም፣ ሄድሴት ነው። ጆሮህ ላይ ታጠልቀዋለህ፣ ባትሪ ያለበትን ሳጥን ወገብህ ላይ ትታጠቃለህ። «አይል አስራ አራት» ይልሃል፤ ወደ አስራ አራተኛው መተላለፊያ ትሄዳለህ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ታነብለታለህ። «ፒክ ሦስት» ይልሃል፤ ሦስት ካርቶን ታነሳና «ሬዲ» ትላለህ። ሬዲ ካላልክ የሚቀጥለውን አይነግርህም። አስር ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። ከጎንህ የሚሠራውም የራሱን ሄድሴት ስለሚያዳምጥ «እንዴት አደርክ» የምትለው ሰው እንኳ የለህም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016፣ አንድ ቀን ሃቢብ ሺፍቱን ጨርሶ፣ ሄድሴቱን ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሊያዞር ሲል፣ «ሃቢብ መኪና ውስጥ ገባ» አለው አንድ ድምፅ ጆሮው ስር። ያውም በአማርኛ።

ሃቢብ አልደነገጠም። ካምፓኒው ነው ብሎ አሰበ። ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርገውት ይሆናል፤ አበሻው ስለበዛ አማርኛ ጨምረውበት ይሆናል። ከሥራ ወጥቶም የሚከታተለው ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም። «ሃቢብ በር ከፈተ። ሃቢብ ጫማውን አወለቀ። ሃቢብ ሚስቱን ዋሻት።» ስም ስላልነበረው ሰውዬው አለው። ሐኪሞቹ ደግሞ ስኪዞፍሬንያ አሉት። ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገባ። በገባ ቁጥር ክኒን ይሰጡታል፣ ሰውዬው ዝም ይላል፣ ሃቢብ ይወጣል፤ ሲወጣ «ካምፓኒው ተወኝ፣ ለምን ልዋጥ» ይልና ያቆማል፣ ሰውዬውም ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መሃል ሥራው ሄደ። በ2018 ሚስቱ በቃኝ ብላ ሉዊስ ሴንተር ወንድሟ ቤት ገባች። እኔ አልፈርድባትም። እናንተም አትፍረዱ።

በ2019 የሆነውን ግን ሰው ሁሉ ያወራዋል። አንድ ልጁ ሸይማ ከኮሌጅ ተመርቃ ድግስ ተደግሶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሃቢብ አስራ አንድ የእንግዳ ስልክ ከያለበት ለቅሞ ፍሪዘር ውስጥ፣ ስጋው ስር ቀበራቸው። ካምፓኒው በስልኮቹ እንዳያዳምጣት ነበር። ልጁን መጠበቁ ነበር እኮ! ሲያገኙበትም «እንዳትነኩ!» ብሎ ፍሪዘሩን በጀርባው ዘግቶ ቆመ። ታናሽ ወንድሙ ዓብደላ ነው በእቅፉ ይዞ ያወጣው። ሸይማ መታጠቢያ ቤት ገብታ በር ቆለፈች። እስከዛሬ ዓብደላ ወንድሙን ግብዣ ላይ ባየ ቁጥር እጁ ወደ ስልክ ኪሱ ይሄዳል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ የመስጊዱን ምንጣፍ በቫክዩም የሚያጸዳው ሃቢብ ነበር፤ ለዚህ ብቻ ሳምንቱን ይጠብቅ ነበር፤ ቫክዩሙን ሲያጠፋ አንድ ሁለት ሰው «አላህ ይስጥህ ሃቢብ» ይለዋል፣ ያቺ ትበቃው ነበር። መጋቢት 2020 መስጊዱ ተዘጋ። ሲከፈት ሥራውን የጽዳት ድርጅት ወስዶት ጠበቀው። እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፦ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሃቢብን ቀኑን ሙሉ በስሙ የጠራው ሰውዬው ብቻ ነው። «ሃቢብ እንቁላል ጠበሰ። ሃቢብ ጨው ረሳ።» ይሳደባል፣ ያስፈራራል፣ አንዳንዴ ያስቀዋልም። ክፉ ቢሆንም ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ያህል ነው። ያን ክኒን መዋጥ ማለት እሱን ከቤት ማስወጣት ነው። ይህንን ለሐኪም እንዴት ይነግሩታል?

ታኅሣሥ 2021 ሸይማ መጣች። ኒው አልባኒ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባባ፣ ሙአዝ የሚባል ልጅ አለ። ቤተሰቦቹን ሊልክ ነው። ኒካሁ ከረመዳን በኋላ፣ ሸዋል ላይ ይሆናል።»

ሃቢብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማሻአላህ የኔ እናት! የማን ልጅ ነው?»

እሷ ግን አልጨረሰችም። የእስላም ኒካህ ያለ ወሊይ አይሆንም፤ ወሊይ ማለት ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ «ልጄን ድሬልሃለሁ» የሚለው ሰው ነው። ቦታው የአባት ነው። አባትየው ዓቅሉ ከሌለ ግን ለአጎት ያልፋል። ዓብደላ ይህንን ከሼኹ ጠይቆ መጥቷል፤ ጠይቆም እኔ ልሁን ብሏል።

«እኔ ግን አንተ እንድትሆን ነው የምፈልገው» አለች ሸይማ። «ባት፣ ሜድህን፣ ክኒንህን መውሰድ አለብህ፣ ባባ። ፎር ሪል። ለሼኹ ‹እየወሰደ ነው› ማለት መቻል አለብኝ።» ከዚያ ስልኳን አውጥታ ስለ ጥናቱ አነበበችለት። አልታመምንም እያሉ መድኃኒታቸውን የሚተዉ ሰዎችን ለመርዳት የተጀመረ ነው። ቀዶ ጥገና የለ፣ መርፌ የለ፤ ጭንቅላት ላይ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ ተደርጎ ስስ ኤሌክትሪክ ለሃያ ደቂቃ ይለቀቃል። ሰውየው መታመሙን እንዲያውቅና ክኒኑን እንዲቀጥል ያግዘው እንደሆነ ለማየት ነው። «አልታመምኩምና ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ሊላት ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን «እፈርማለሁ» አላት።

ጥር ላይ ክዳኑን ሰጡት። ቆርቆሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ መሙላት ጀመረ።

መጋቢት ላይ የኤሌክትሪኩ ተራ ደረሰ፤ ሁለት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አስር ጊዜ። ኸውላ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። ማስኳን አስተካክላ፣ ፀጉሩን በጣቷ እየከፈለች፣ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ ታስነካዋለች። ስፖንጆቹን አስቀምጣ በላስቲክ ታስራለች። «ታመመህ ጋሼ? ጠበቀ?» ትለዋለች፤ «አንቱ» የሚባል ነገር አልሰማችም። የሰው እጅ ራሱን ከነካው ስንት ጊዜው! የመጀመሪያው ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠው ኤሌክትሪኩን ፈርቶ ሳይሆን እንዳያለቅስ ነው። ከዚያ ትንሿ ሳጥን ትበራለች፤ ግንባሩን ይቆነጥጠዋል፣ ያሳክከዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ለአንዳንዱ ሰው እውነተኛው ነው የሚለቀቀው፣ ለአንዳንዱ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጥጦ የሚጠፋ የማስመሰያ ነው፤ የሱ የትኛው እንደሆነ ኸውላም አታውቅም። በመሃል ከታብሌቷ ላይ ጥያቄ ታነብለታለች።

«የምትሰማው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከካምፓኒው» ይላል ሃቢብ። ስምንት ቀን ተጠየቀ፣ ስምንት ቀን እንዲያ አለ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሳጥኗ ሥራ ልትጀምር ስትል ጢጥ ጢጥ አለችና ቆመች። «ኦ ሶሪ ጋሼ፣ ባትሪው ሞተ» አለች ኸውላና አዲስ ባትሪ ልትፈልግ መሳቢያ ውስጥ እጇን ሰደደች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?» አላት፤ እንዲሁ ወሬ ለመቀጠል ያህል።

«አላውቅም። ሜይቢ አስር ሰዓት? ቻርጅ ካላደረግከው ወይ ካልቀየርከው ኢት ዳይስ።»

የኦቤትሱ ሄድሴትም እንደዚያው ነበር። ሺፍት ሊያልቅ ሲል ይዳከማል፣ ሳትሰካው ካደርክ በማግስቱ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ሱፐርቫይዘሩም ይጮህብሃል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ቻርጀሩ ላይ ሲሰካው ኖሯል። ታዲያ ይሄ ሰውዬ... ከ2016 ጀምሮ... ማን ሰክቶት ያውቃል?

«ስድስት ዓመት ሳይቻርጅ!» አለና ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ኸውላም ሳይገባት አብራው ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «ባትሪ የለውም እኮ ልጄ። እስከዛሬ የት ሄጄ ነው ይህን ያላሰብኩት? ባትሪ የለውም። ከእኔው ነው።» ልጅቱ ታብሌቷን አስቀምጣ እጁን ያዘችው፤ ያን እንድታደርግ ይፈቀድላት አይፈቀድላት እንጃ።

ኤሌክትሪኩ ነው እንዳትሉኝ፤ አላውቅም። የማስመሰያው ይሁን የእውነተኛው አልተነገረውም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠጉሩን እየከፈሉ «ታመመህ?» ስላሉት ይሁን፣ አላህ በሰዓቱ ያደረገው ይሁን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው፣ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክኒኑን መዋጡን ነው። ስትወርድ ጉሮሮውን ቧጠጠችው።

የዚያኑ ዕለት የመጨረሻው ቀጠሮ ነበር። ኸውላ ክዳኑ የመዘገበውን በወረቀት አትማ ሰጠችው፦ ከሰባ አራት ቀን ሰባ ሁለቱን ተከፍቷል። ጉንፋን አልጋ ላይ የጣለው ሁለት ቀን ብቻ ነው የጎደለው። «አንተ የኛ በጣም ጎበዝ ነህ ጋሼ!» አለችው። እስከሚቀጥለው ክትትል ክዳኑን ይዞ እንዲቆይ ነግራ በሩ ድረስ ሸኘችው። ያን ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኗ ሲስቅ አየና ዘጋው። አይ ይሉኝታ!

ሸይማ ወረቀቱን ስታይ ዘለለች። ፎቶ አነሳችው፣ ለዓብደላ ላከች፣ ለሼኹ ላከች፣ ዋናውን የአባቷ ፍሪጅ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። «ናይንቲ ሰቨን ፐርሰንት፣ ባባ! ሼኹ እሺ ብሏል። አንተ ነህ የምትድረኝ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስንት ዓመቱ ነው በዚያ ዓይነት እቅፍ ካቀፈችው። ሃቢብ ከትከሻዋ በላይ ምድጃው አናት ላይ ያለውን ቆርቆሮ እያየ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ውስጡ ሰባ አንድ ክኒን አለ።

ረመዳን ገባ። ክኒኑን ወደ ፍጡር፣ ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት አዛወረው፤ ቴምር፣ ውሃ፣ ክኒን። ይውጣታል፣ እውነት ይውጣታል። ሰውዬውም ቀስ በቀስ ራቀ። መጀመሪያ ከሌላ ክፍል የሚያወራ መሰለ፣ ከዚያ ከግድግዳ ማዶ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ያውም ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሐኪሞቹ ይህንን መሻል ይሉታል። መሻሉስ ተሻለው፤ ግን ማንም ያልነገረው ነገር የቤቱ ጸጥታ ነው። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማል። እላይ ያሉት ጎረቤቶች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። ሃቢብ ሾርባውን ሲያማስል «ሃቢብ ሾርባ አማሰለ» የሚለው የለም። አማስሎ ቆሞ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ሲገባው በራሱ ያፍራል። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይቶ አያውቅም፤ ሚስቱ የሄደች ቀን እንኳ ሰውዬው አብሮት ነበር።

በረመዳን አጋማሽ አንድ ቀን ከፍጡር በኋላ ክኒኗን ይዞ ቆርቆሮውን ከፈተ። መዳፉን ከቆርቆሮው አፍ በላይ ዘርግቶ ቆመ። የዛሬዋን ብቻ ልተው፣ ነገ ደግሞ እውጣለሁ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሰው ይኑር ቤቱ ውስጥ። ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት ፊት ለፊቱ ነበር። «ባትሪ የለህም» አለ ጮክ ብሎ። ዋጣት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ወረቀቱ ግን እንቅልፍ ነሳው። የታመመ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ውሸቱንም አብሮ አወቀው፤ ድሮ ክዳን መክፈት ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ማጭበርበር ሆነ። ልጁ በሐሰት ወረቀት ለሼኽ ምላለች። ነገ ኒካሁ ላይ እንደ ድሮው ቢሆንስ? ቢያጠፋባትስ? ኢድ ጠዋት ሸይማ ወደ ሰላት ልትወስደው በመኪና መጣች፤ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ሂና ተቀብታ። ሃቢብ ቆርቆሮውን በፌስታል ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ምንድነው ባባ፣ ኩኪስ ነው?»

«ክፈቺው።»

ከፈተች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ሃቢብ ከጥር እስከ መጋቢት ያደረገውን አንድ በአንድ ነገራት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እየዋጠ መሆኑንም ነገራት። የኋለኛውን የሰማችው አልመሰለውም።

«ሶ ዩ ላይድ ቱ ሚ፣ ዋሸኸኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለሼኹ ምዬልህ ነበር እኮ። አንኩል ዓብደላ ‹አትመኚው› ሲለኝ ተጣላሁት።» መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። ስትነሳ ፊቷ ዝግት ብሎ ነበር። «ኦኬ። አንኩል ዓብደላ ይሁን።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱንም ለመለመን አፉ አልተላወሰም፤ ምን ብሎ?

በማግስቱ ለኸውላም ደውሎ ነገራት፣ ቆርቆሮውንም ወስዶ አስረከባት። የሷ ፊት እንዳይጠቁር ብሎ የጀመረው ነገር መልሶ የሷን ፊት አጠቆረ። «ኦ ጋሼ...» አለች። «ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።» ክኒኖቹን ቆጥራ ፎርም ሞላች። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ሸይማ ለዘጠኝ ቀን ስልክ አላነሳችም። በአስረኛው ቀን፣ ኒካሁ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሼኹ ራሳቸው ኮል አድርገው ወደ መስጊዱ ቢሮ ጠሩት። ሲገባ ዓብደላ አስቀድሞ ተቀምጧል። ሸይማ እውነቱን ለሼኹ ነግራቸዋለች።

«ሃቢብ» አሉ ሼኹ፣ «አሁንም የሚያወራህ አለ?»

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይመጣል። ከሰሞኑ ቀንሷል።»

«ማነው?»

ሃቢብ ወደ ምንጣፉ አየ፤ ድሮ ሐሙስ ሐሙስ የሚያጸዳው ዓይነት ምንጣፍ ነው። «በሽታዬ ነው» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣው ከሰው ፊት የመጀመሪያው ነበር።

ሼኹ ወደ ዓብደላ ዞሩ። «ይሄ ሰው መታመሙን ያውቃል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ማንም ሳያስገድደው ውሸቱን ተናግሯል። በሽታ እንጂ የዓቅል ማጣት አላየሁበትም። ወሊይነቱ የሱ ነው።»

ዓብደላ አንገቱን ደፋ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ልቀማህ ብዬ አይደለም። ያን ቀን ፍሪዘሩ ጋ... ሸይማ ደግማ እንዲያ እንዳትሆን ብዬ ነው።»

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሃቢብ «እኔው እድራታለሁ» ቢል የሚከለክለው አልነበረም። አምስት ወር የለፋለት ነገር እጁ ገብቷል። ግን አሰበው። የሙአዝን እጅ ይዞ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ቃሉ ከአፉ ሊወጣ ሲል «ሃቢብ ልጁን ሸጠ» ቢለውስ? ቢደነግጥስ? ቢመልስለትስ? አልታመምኩም ባይ የነበረ ጊዜ ይህ ፍርሃት አልነበረበትም፤ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጥ ነበር። ማወቁ ነው ያስፈራው። «ወሊይዋ እኔ ነኝ» አለ። «ውክልናውን ግን ለዓብደላ ሰጥቻለሁ። ቃሉን በኔ ስም እሱ ይበልልኝ።»

ኒካሁ ቅዳሜ ከዝሁር ሰላት በኋላ ሆነ። በሩ ላይ ሸይማ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣችና የኮሌታውን እጥፋት አስተካከለችለት። ከኢድ ወዲህ ገና አሁን ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ቱዴይ ወሰድክ ባባ?»

«ወስጃለሁ።»

ትኩር ብላ አየችው። ታምነው አታምነው አላወቀም። ግንባሩን ሳመችውና ወደ ሴቶቹ ገባች።

ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዓብደላ የሙአዝን እጅ ያዘ፣ ሼኹ የተያያዘውን እጃቸውን በነጠላ ሸፈኑት። ሃቢብ ከዓብደላ ጎን ተቀምጦ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። አሁን ይመጣል። አሁን ይጀምራል። ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። «ወንድሜ ሃቢብ ሰይድ በሰጠኝ ውክልና፣ ልጁን ሸይማን ድሬልሃለሁ» አለ ዓብደላ። «ተቀብያለሁ» አለ ሙአዝ። ዱዓው ተደረገ፣ ሁሉም አሚን አለ፣ ከሴቶቹ ዘንድ እልልታው ቀለጠ። ሃቢብ አሁንም ይጠብቅ ነበር። ሰውዬው አልመጣም። አንዲት ቃል አላለም። ራሱ ሃቢብ ሊለው ይችል ነበር፤ እጁን ዘርግቶ፣ በገዛ አፉ ሊለው ይችል ነበር። ይህ ከገባው በኋላ «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ የሚያቅፈውን ሰው ሁሉ ሳያየው አቀፈ።

ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹም ዘመዶቹም ወደ ሉዊስ ሴንተር ሄዱ፤ የሸይማ እናት ባለችበት ቤት ስለሆነ ሃቢብ ቀረ። ዓብደላ ደጁ ድረስ አድርሶት «እደውልልሃለሁ ወንድም ጋሼ» ብሎ ተመለሰ። አስር ሰዓት አልሞላም፤ ፀሐዩ ገና ሳሎኑ ውስጥ ነበር። ሃቢብ ሱፉን ለብሶ ኩሽናው መሃል ቆመ። እንዲህ ያለ ቀን ውሎ ገብቶ የሚነግረው ሰው የለም። ከምድጃው በላይ የቆርቆሮው ቦታ ባዶ ነው።

«ሬዲ» አለ።

ጠበቀ። ፍሪጁ አጉረመረመና ዝም አለ።

«ሃቢብ ከሠርግ ተመለሰ» አለ በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። ክራቫቱን ፈታ። «ሃቢብ ክራቫቱን ፈታ። ሃቢብ ውሃ ቀዳ።» ውሃውን ጠጣ። ብርጭቆውን አጥቦ፣ ደፍቶ፣ እጁን በፎጣ አደረቀ። ከዚያ ማንም እንዲሰማው ሳይሆን፣ ሳይባል እንዳይቀር ብሎ፣ ጮክ አድርጎ አለው።

«ሃቢብ ልጁን ዳረ።»